የባትማን አገጭ

መቼም ፊልም ወዳጅ ሲቆጣ አይጣል ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ማይክል ኪተን ለባትማንነት ሲመረጥ፣ «ይሄ ቀልደኛ እንዴት ጀግና ይሆናል?» ያሉ አድናቂዎች በዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ ላይ ወደ 50,000 ደብዳቤ አዘነቡ ይባላል። ሁለት ፊልም ሠርቶ፣ በ1995 ቫል ኪልመር ሲተካው ደግሞ ያ ቀልደኛ ለብዙዎች «እውነተኛው ባትማን» ሆኖ ቁጭ! በ2013 ቤን አፍሌክ፣ በ2019 ሮበርት ፓቲንሰን ሲመረጡም ያው ጩኸት፣ ያው የተቃውሞ ፊርማ።

የሚያስቀው፣ ባትማን እኮ ጭምብል ለባሽ ነው፤ ከፊቱ የሚታየን አፉና አገጩ ብቻ። ለአገጭ ይህን ያህል ጠብ?

እኛ ግን አናሾፍም። ልጅ ሳለን በሰፈር ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን ያየነው ጀግና የቤት ሰው ነው። አባወራው ሳይሰናበት ወጥቶ፣ ሌላ ሰው ካፖርቱን ደርቦ ሲገባ ዝም የሚል ቤተሰብ የት አለ? ካፖርቱ በሕግ የኩባንያው ነው፤ ለፈለገው ያለብሳል። የሚያናድደን ይኸው ነው። ስድቡ ግን ኩባንያው ዘንድ አይደርስም፤ የሚያርፈው ተቀጥሮ በሚሠራው ተዋናይ ላይ ነው።

ኪተን በ2023 ዕድሜው ከ70 አልፎ፣ «ዘ ፍላሽ» በተባለው ፊልም ያንኑ ካባ ለብሶ ብቅ አለ። ያኔ የተቃውሞ ደብዳቤ የጻፈ ሰው አልሰማንም።