ዘይቱ የት ገባ?

የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬን ላይ ዘመተች። ወር ሳይሞላ ጀርመን ውስጥ የሱፍ ዘይትና ዱቄት ከሱቅ መደርደሪያ ላይ መጥፋት ጀመሩ። ስፔን ውስጥ ሜርካዶና የተባለው ሱፐርማርኬት አንድ ደንበኛ በቀን ከ5 ሊትር በላይ የሱፍ ዘይት እንዳይገዛ ከለከለ። ሚያዝያ ላይ እንግሊዝ አገር ቴስኮ የተባለው ሱፐርማርኬት ለአንድ ሰው ከሦስት ጠርሙስ በላይ አልሸጥም አለ። በኮሮና ጊዜ ሶፍት ሲሻሙ ያየናቸው ሰዎች ናቸውና ብዙዎቻችን ስቀን አልፈነዋል።

እኔን የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። ዩክሬን ዓለም ላይ ከሚሸጠው የሱፍ ዘይት ግማሽ ያህሉን የምታቀርብ አገር ነበረች፤ የኦዴሳ ወደብ ሲዘጋ እጥረት መምጣቱ አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከጦርነቱ በፊት የገባው ዘይት ገና ተሽጦ አላለቀም ነበር። መጀመሪያ መደርደሪያውን ያራቆተው ዜናው ነው።

ሱቅ ዕቃ የሚይዘው ሰው እንደ ወትሮው ይገዛል ብሎ አስቦ ነው። በወር አንድ ጠርሙስ የሚበቃው ቤት ሁሉ በአንድ ሳምንት ሦስት ሦስት ቢወስድ የትኛውም መጋዘን አይችለውም። ዘይቱ ያው አለ፤ የሚገኘው ግን ሰው ጓዳ ውስጥ ነው። ዘግይቶ የመጣው ሰው ባዶውን መደርደሪያ ያይና "ለካ እውነት ነው" ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ ይሮጣል። ለዚህ ስግብግብ መሆን አያስፈልግም። ጎረቤቶቿ ሲሸምቱ እያየች ዝም ብላ የተቀመጠች የልጆች እናት በማግስቱ ለልጆቿ ምን ልትል ነው? በደርግ ዘመን ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ስትገዛ የኖረች ሴትም ዛሬ አንድ ኬሻ ስኳር ጓዳዋ ብታስገባ አልፈርድባትም። ያየችውን ታውቃለች።

መንግሥታትም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረጉም። ኢንዶኔዥያ ሚያዝያ 20 ቀን የፓልም ዘይት ከአገር እንዳይወጣ አገደች፤ እገዳውን ያነሣችው ግንቦት 15 ነው። የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አገራቸው ለዓለም እህል ለማቅረብ ዝግጁ መሆኗን ተናግረው ነበር፤ ግንቦት 5 ላይ ያችው ሕንድ የስንዴ ኤክስፖርት ዘጋች። የዚያ ዓመት ከባድ ሙቀት ሰብሏን ስለመታው ምክንያት አልነበራትም አይባልም። ሁሉም ለራሱ ቤት ምክንያት ነበረው።

እኛ አገር አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነው። የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው፤ ከኦዴሳ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም። ታዲያ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ባለ 5 ሊትሩ ለምን ወደ ሺህ ብር ተሰቀለ? የሱፍ ዘይት ያጣ የዓለም ገዢ ሁሉ ፊቱን ወደ ፓልም ስላዞረ ነው። ሁሉን በዩክሬን ማሳበብ ግን አይቻልም፤ የዶላር እጥረቱና የራሳችን ጦርነት ቀድመው ኑሮውን አስወድደውት ነበር። ከዚያ የተለመደው ነገር መጣ፤ ሸማቾች ማኅበር ደጃፍ ሰልፍ፣ "ነጋዴው ደበቀው" የሚል እሮሮ። የደበቀ ነጋዴ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሦስት ጄሪካን አልጋው ሥር ያስገባ ባለ ደመወዝ ነጋዴውን ሲራገም ሰምቻለሁ።

በዚህ ሁሉ መሀል የሚጎዳው ማከማቸት የማይችለው ነው። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ዘይት በጄሪካን አይገዛም። ማታ የዕለት ደመወዙን ይዞ ከሰፈር ሱቅ ለዚያ ቀን ወጥ የምትበቃውን ያህል በትንሽ ጠርሙስ ያስቀዳል። ባለ ጄሪካኑ አዲሱን ዋጋ የሚያየው ከሁለት ወር በኋላ ሲሆን፣ እሱ ግን በዚያው ምሽት ይከፍለዋል። በሊትር ሲሰላ ደግሞ ከባለ ጄሪካኑ አስበልጦ ነው የሚከፍለው።

አገርም እንዲህ ትሆናለች። ብዙ እህቶቻችን በሰው ቤት የሚሠሩባት ሊባኖስ አብዛኛውን ስንዴዋን የምትገዛው ከዩክሬን ነበር። የቤይሩት ወደብ የእህል ጎተራ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በደረሰው ፍንዳታ ፈርሷል። ጦርነቱ ሲጀመር አገሪቱ በእጇ የነበራት ስንዴ ለአንድ ወር ያህል የሚበቃ ነበር።

የዓለም ምግብ ፕሮግራም ራሱ ከጦርነቱ በፊት ከሚገዛው ስንዴ ግማሽ ያህሉን የሚያገኘው ከዩክሬን ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢስታንቡል ላይ የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ድርጅቱ የተከራያት የመጀመሪያዋ መርከብ፣ ብሬቭ ኮማንደር፣ ነሐሴ 24 ጅቡቲ ገባች። የጫነችው 23 ሺህ ቶን ስንዴ፣ በእኛ አቆጣጠር 230 ሺህ ኩንታል መሆኑ ነው፤ በኢትዮጵያ ድርቅ ለጎዳቸው ሰዎች የተላከ ነበር። ስምምነቱ ዓመት እንኳ አልዘለቀም፤ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ሩሲያ ወጣችና አበቃ።

እህል ማስቀመጥን የሚነቅፍ ሰው ካለ የእኛን አገር ጎተራ አያውቅም። ጥር ላይ ጤፍ በኩንታል መግዛት፣ በርበሬና ሽሮ ለዓመት ማዘጋጀት እናቶቻችን ያወረሱን ጥበብ ነው። ያን ጊዜ አውድማው ተነሥቷል፣ ገበያው ሞልቷል፣ ገበሬው ገዢ ይፈልጋል፤ አንድ ኩንታል ስታነሡ የማንንም እጅ አትሻሙም። ያችኑ ኩንታል ነሐሴ ላይ፣ ክፉ ዜና በሰማችሁ ማግስት፣ ከተራቆተ ገበያ ስታነሡ ግን ከሌላ ሰው ሌማት ላይ እያነሣችሁ ነው። ደግሞም በውድ ነው የምትገዙት።

ጥር ላይ የመግዛት አቅሙ የሌለው ሰው ደግሞ ብቻውን አይችልም። ለቅሶ ሲመጣ ድንኳንና ወንበር የምናዋጣ ሰዎች ነን፤ ጤፍና ዘይት የማናዋጣበት ምክንያት አይታየኝም። የእድሩን ገንዘብ ሳይነኩ፣ ፈቃደኛ የሆኑ አባላት እንደ እቁብ በየሳምንቱ የአቅማቸውን እየጣሉ ቢቆዩ፣ ጥር ላይ ጤፉን ከገበሬዎች ማኅበር በጭነት አስመጥቶ በየቤቱ ማከፋፈል ይቻላል። በትንሽ ጠርሙስ ዘይት የምታስቀዳዋ ጎረቤታችሁም መጀመሪያ ትመዝገብ። ጥቅምት ላይ እድራችሁ ሲሰበሰብ ይህን ጉዳይ አንሡት።