እስከ ሰባት ቤት

«እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ» አሉኝ ጋሼ።

እንጅባራ ላይ የሶላር መብራት ይሸጣሉ። እኔ ዳንግላ ተቀምጬ ለሱቆች ፕሮግራም እሠራለሁ። የፈለጉት ነገር በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፦ ገዢ ይዞ ለመጣ ደንበኛ ኮሚሽን ይከፈለዋል፤ ያ የመጣው ሰው በተራው ሌላ ሲያመጣ ለመጀመሪያውም ትንሽ ይደርሰዋል፤ እንዲህ እየተባለ ወደ ላይ ሰባት ድረስ ይወጣል። ለምን ሰባት አልኳቸው። «ለጋብቻ የምንቆጥረው ሰባት፣ አገውም ሰባት ቤት! ከዚያ ያነሰ ምን ቁጥር አለ?» ብለው ሳቁ።

ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። በእኛ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ሲሸጥ እጁ ላይ ብር ይገባል፤ ብሩን ምን ላይ እንደሚያውለው የሚወስነው ግን ማስታወቂያ ሳይሆን የጎረቤቱ ቤት ነው። አንዱ ቤት መብራት ከበራ በሚቀጥለው የአዲስ ቅዳም ከተማ ገበያ ሦስት ሰው ስለ ዋጋው ይጠይቃል። ጋሼ ይህን አይተዋል። ለዚያ ወሬ ሊከፍሉ ፈለጉ። ደላላስ የሚኖረው በዚሁ አይደል? ቤት ሲከራይ እንኳ የደላላ ደላላ አለ፤ ሁለቱ ኮሚሽኑን ይካፈላሉ። ሰባት ደላላ የተካፈለው ኮሚሽን ግን ሰምቼ አላውቅም።

ዳታቤዙን ስጀምር ደስ ያለኝ አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ ሐረግ የሚያስፈልገው አንድ ዓምድ ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጎን «ያመጣው ማን ነው?» ተብሎ ይጻፋል። ያመጣውን ያመጣው ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከራሱ ከአምጪው መዝገብ ይገኛል። ስማችን ራሱ የተሠራው እንዲህ ነው እኮ። የአባትህን ስም ትይዛለህ፣ አባትህ የአባቱን ይይዛል፣ ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ «እሱስ የማን ልጅ?» እየተባለ ወደ ላይ ትወጣለህ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ይህንኑ የሚያደርግ፣ ራሱን እየጠራ የሚወጣ ትእዛዝ አለ፤ «ዊዝ ሪከርሲቭ» ይሉታል። የአያቴ እኩዮች ሰርግ ከመቆረጡ በፊት ያለ ኮምፒውተር ያደርጉት ነበር።

ደስታዬ ሁለት ሳምንት ቆየ። የጋሼን ደብተር ወደ ሰንጠረዥ ስገለብጥ አንድ ቦታ ላይ ማሽኑ ቆመ። ባል ሚስቱን አምጥቷል፤ ሚስት ደግሞ በሌላ ገጽ ባሏን አምጥታለች። ትእዛዙ ከባል ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ባል እየዞረ ማለቂያ አጣ። በዘር ቆጠራ ይህ አይደርስም፤ ልጅ አባቱን አይወልድም። በኮሚሽን ቆጠራ ግን በደንብ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ብር አለበት። ስለዚህ አምጪ አንዴ ከተመዘገበ እንዳይለወጥ፣ አዲስ ገቢም ቀድሞ በተመዘገበ ሰው ስር ብቻ እንዲገባ አደረግሁ። አባት ከልጁ በፊት ይወለድ ዘንድ ማለት ነው።

ሌላው ራስ ምታት ስም ነበር። ሦስት ሰው አንድ ስም ከነአባቱ። ስልክ ቁጥር ይለያቸዋል ብዬ ነበር፤ አንድ ስልክ ለአራት ቤተሰብ እንደሚሆን ረስቼ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ቁጥር ሰጥቼ በትንሽ ካርድ አሳተምሁለት። የሳንቲሙን ጣጣ፣ መቶኛው ሲለወጥ የድሮው ሽያጭ በድሮው መቶኛ መቆጠር እንዳለበት፣ ይህን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም፤ የሠራው ያውቀዋል።

የተመለሰ መብራት ግን ይነገር። ጋሼ ዕቃው ሲመለስ ኮሚሽኑን ከደብተሩ በላጲስ ያጠፉት ነበር። እኔ አላጠፋም አልኩ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ መሥሪያ ቤት ይዘህ ብትሄድ ማን ይቀበልሃል? የተከፈለው 150 ብር እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ከስሩ «ዕቃው ስለተመለሰ ተቀናሽ 150» የሚል አዲስ መስመር ይጻፋል። የሰውየው ሂሳብ የመስመሮቹ ድምር ነው። ከሦስት ወር በኋላ «ብሬን በላችሁብኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው የሚታይ ነገር አለ።

ከዚያ ወደ ሰባቱ ቤት ደረስን። 3,000 ብር በሚሸጥ መብራት ላይ ትርፋቸው 450 ብር ነው። ለቀጥታ አምጪው 5 በመቶ፣ ለሁለተኛው 2፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው አንድ አንድ በመቶ ብለው ነበር፤ ድምሩ 12 በመቶ፣ 360 ብር። ለእርሳቸው የሚተርፈው 90። «ታዲያ ብዛት ይክሰዋል» አሉ። ብዛቱን አብረን አሰላነው። እያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ቢያመጣ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ብቻ 78,125 ሰው አለ። ዘጠነኛው 1,953,125 ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የአዊ ዞን ነዋሪ በሙሉ፣ ጡት የሚጠባውም ጭምር፣ 982,942 ነበር። ጋሼ ካልኩሌተሩን ተቀብለው ራሳቸው ደገሙት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሂሳብ ብቻ ያልሆነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሰው ገዝቶ ወይም ገንዘብ አዋጥቶ፣ በእሱ ቅስቀሳ ሌሎች ሲገቡ ሽልማት ያገኛል እየተባለ የሚካሄድን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። አልባኒያ ውስጥ በ1989 ዓ.ም. እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሲወድቁ መንግሥት አብሮ ወድቋል፣ ብዙ ሰው ሞቷል። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስብሰባ ተጠርቼ የማላውቀውን ዕቃ ልገዛ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ ያዳነኝ ኪሴ ባዶ መሆኑ ነው። ጋሼ እንደዚያ አይደሉም፣ መብራታቸው ይበራል። ግን ሰባት ረድፍ ሲኖር ገበሬው መብራቱን ለመብራት ይግዛው ወይም ረድፍ ለመያዝ፣ እኔ ከኮዱ ውስጥ ሆኜ አላየውም።

ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለመከልከል ነው አልኳቸው፤ እነዚህን አታጋቡ ለማለት። ለመሰብሰብ ሲሆን ግን፣ ገበያ ላይ ያላየኸው የሰባተኛ ቤት ሰው ገንዘብ ያንተ የሚሆነው በምን ሥራ ነው? ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ሁለት ይሁን» አሉኝ።

ሁለት ሆነ። ሌላም አንድ ነገር ጨመርሁ፤ ለመመዝገቢያ ከማንም ምንም አይቀበሉም፣ ማንኛውም የኮሚሽን መስመር ደግሞ የአንድ የተሸጠ ዕቃ ደረሰኝ ቁጥር ካልያዘ ዳታቤዙ አይቀበለውም። ሰው በመመዝገብ ብቻ ብር ሊወጣ ቢሞከር መዝገቡ «እምቢ» ይላል። ከጻፍሁት ሁሉ የምወደው ያ አንድ መስመር ነው።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሰሞን ከተማው ሞልቶ ስለነበር ብዙ ተሸጠ፤ ኮሚሽኑም በቴሌብር ያለ ጭቅጭቅ ወጣ። ትናንት ማታ ግን ጋሼ ደወሉ። አንድ አባወራ አርፏል፣ አሥራ አራት ሰው አምጥቶ ነበር። እነዚያ ሰዎች አሁንም ሌላ ሰው ያመጣሉ፣ ከሁለተኛው ረድፍ የሚገባው ብር በሟቹ ስም እየተጻፈ ነው። ልጆቹ ሱቁ ድረስ መጥተው «የአባታችንን» አሉ። ሦስት ናቸው፤ አንደኛዋ ራሷ በአባቷ ስር የተመዘገበች ደንበኛ ነች።

ሰንጠረዤ ውስጥ «ወራሽ» የሚል ዓምድ የለም። ነገ ጠዋት ወደ እንጅባራ እወጣለሁ።