በተጉለት ስለ ቀዳሚት ሰንበት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደብረ ብርሃን ይደርሳል። በኅዳር ወር መጨረሻ በአንድ ዓርብ ቀን ከመኪና ስንወርድ ብርዱ ጋቢያችንን ዘልቆ አጥንታችንን ነካው። መንገዳችን ወደ ሰላ ድንጋይ ነበር፤ ነገር ግን የደብረ ብርሃንን ምድር ረግጦ ታሪኳን ሳያስቡ ማለፍ ለመምህር የሚሆን አይደለምና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ጥቂት ተቀመጥን።

ከተማይቱን የመሠረቱት ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል ተብለው የተከሰሱ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች በዚህ ስፍራ በድንጋይ ተወገሩ፤ ከ38 ቀን በኋላም መጋቢት 10 ቀን ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ የስፍራው ስምም ከዚህ ወጣ። ብርሃኑን ሁሉም ያነሣዋል፤ ድንጋዩን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። የእነዚያ መነኮሳት ገዳም ጉንዳ ጉንዴ ከቤተ ክርስቲያናችን ታላላቅ ገዳማት አንዱ ሆኖ መቈጠሩን ስናስብ ከተቀመጥንበት ዝም ብለን ተነሣን።

በማግሥቱ ቅዳሜ ማለዳ በጣርማ በር መንገድ ጥቂት ሄደን ወደ ሰላ ድንጋይ ተገነጠልን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ገብስ በነዶ በነዶ ተኝቷል፤ ማጭድ የያዘ ሰው ግን አንድም አላየንም። በሬዎቹም ያለ ቀንበር ይግጡ ነበር። የተጉለት ገበሬ ቅዳሜን እንደ እሑድ ያከብራል፤ ይህም ልማድ በዚሁ በተጉለት ምድር ትልቅ ጉባኤ የተደረገበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሲኖዶስንና ዐሠርቱ ቃላትን ጠቅሰው ቀዳሚት ሰንበትም ትከበር ብለው አስተማሩ። ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት ግን ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ሥርዐት ነው ይሉ ነበር። አባታችን አገራቸውን ለቀው በ1352 ዓ.ም. በአርማንያ ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ክህነት ተከልክለው ከሌላው ካህን ተለይተው በየገዳማቸው ኖሩ። የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስ በጳጳሱ በአቡነ በርተሎሜዎስ እጅ ታስረው ነበር፤ በ1404 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት አስፈትተው ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ከዚያ በኋላ በ1450 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ባሠሩት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደርጎ ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የሁለቱንም ሰንበታት ክብር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ወገኖችም ከጳጳሳቱ እጅ ክህነትን ለመቀበል ተስማሙ። (ንጉሥ በተቀመጠበት ጉባኤ እንደ ልብ መናገር ለጳጳስም ቢሆን ቀላል አይደለም።)

እንግዲህ መቶ ዓመት ያህል ቅዳሜን ያከበረ ሰው እንደ በደለኛ ይቈጠር ነበር፤ ከጉባኤው በኋላ ደግሞ በደለኛ የተባለው ያላከበረው ሆነ። ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ፣ «እግዚአብሔር ሐሳቡን ለወጠ ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። መግደልና መስረቅ ጉባኤ ሳይጠብቁ ኀጢአት ናቸው፤ የቀን አከባበር ግን አባቶች ተሰብስበው፣ መጽሐፍ ገልጠው፣ ተከራክረው የሚወስኑት ሥርዐት ነው ብለን እንመልሳለን። ያው ንጉሥ በአንዱ ስፍራ መጽሐፍ አስገልጠው፣ በሌላው ስፍራ ድንጋይ ማስነሣታቸውን ግን ለልጅ ማስረዳት ይቸግራል።

ይህን እያሰብን ስንጓዝ አንድ የቈየ ነገር ልባችንን ወጋው። በድቁናችን ወራት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር እንደ ጀመርን፣ ቅዳሜ ጧት ከጎረቤት የወፍጮ ድምፅ ሰማን። ገብተንም ሴትዮዋን በሰዎች ፊት፣ «ሰንበትን ሽረሻል፤ ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዳትቀርቢ» ብለን ገሠጽናት። አንዲት ቃል አልመለሰችም። ዱቄቱ በዚያች ሌሊት ለወለደች ጎረቤቷ ገንፎ ነበር፤ በአራሷ ቤት አንድ ጭብጥ ዱቄት አልነበረም። ይህን ያወቅነው ከሁለት ዓመት በኋላ የነፍስ አባቷ፣ «ይህችን ሴት ከቅጥር ውጭ ያቆማት ማን ነው?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ነው። ዲያቆን ይላላካል እንጂ ማሰርና መፍታት ሥልጣኑ አይደለም፤ ይህን ተምረን፣ ተፈትነንበትም ነበር። ይቅርታ ልንጠይቃት ብንሄድ፣ «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ያሉኝን አመንሁ» አለችን። ከዚያ ወዲህ የወፍጮ ድምፅ ስንሰማ ፊታችንን እናዞራለን።

ሰላ ድንጋይ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ያለ ወራቱ ደመና ከበደ። በአንድ ማሳ ውስጥ አንድ ሽበታም ገበሬ ከሁለት ልጆች ጋር ነዶ ይሸከሙ ነበር። በዚያ ቀን ሥራ ላይ ያየናቸው እነርሱን ብቻ ነው። ቆመን ስናያቸው ሰውየው ነዶውን አውርደው ቀረቡን።

«የኔታ፣ ይፈርዱብኝ ይሆናል» አሉን። «ጠይቄ ነው። ገብሱ የአንዲት ባልቴት ነው፤ ልጅ የላትም፤ ዝናብ ካገኘው የምትበላው የለም። የነፍስ አባቴም፣ ሂድና ሰብስብላት አሉኝ።»

«የእርስዎ አዝመራስ ገብቷል?»

ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ በአገጫቸው አመለከቱን። ገብሱ ታጭዶ እንደ ተኛ ነው።

«የራሴንማ አልጠየቅሁም።»

ጋቢያችንን ከድንጋይ ላይ አስቀምጠን ነዶ ተሸከምን። ክምሩ ሣር ሲለብስ የመጀመሪያው ነጠብጣብ ወረደ። ሌሊቱን በሰላ ድንጋይ ባደርንበት ቤት ጣራ ላይ ዝናቡ እስኪነጋ አላቋረጠም።