ሳይጠወልጉ ማፍራት

በኅዳር ወር አንድ ቀን ማለዳ፣ በመቀሌ ከተማ በሮማናት አደባባይ አጠገብ ከአንድ ባልንጀራችን ጋራ ተቀምጠን ሳለ፣ ከራያ ቆላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጎናችን ዐረፉ። ለልጃቸው ሊያሳዩ ያመጧቸው ሁለት የማሽላ አገዳዎች ከነራሳቸው በእጃቸው ነበሩ። የአንደኛው ቅጠል ደርቆ ገለባ መስሏል፤ የሁለተኛው ግን ገና ለምለም ነው። ሁለቱም በአንድ ማሳ በአንድ ቀን የተዘሩ መሆናቸውን በነገሩን ጊዜ ተደነቅን።

«አባታችን፣ ዝናቡ ለአንዱ ዘንቦ ለሌላው ቀረን?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ዝናቡስ ለሁለቱም ቀርቷል፤ ልዩነቱ ከዘሩ ነው፣ ልጆቼ» አሉን።

ይህን ቃል የዘረመል ሊቃውንት ያጸኑታል። ቅጠል የሚያረጀው በዘፈቀደ አይደለም። ጊዜው ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ ሲያስገድደው፣ በውስጡ ያሉ ዘረመሎች ተራ በተራ ይነቃሉ፤ ሐመልሚል የተባለው አረንጓዴ ቀለም ይፈርሳል፤ በቅጠሉ የነበረው ናይትሮጅንም ወደ ፍሬው ይጓዛል። እንግዲህ የቅጠል እርጅና ውርስ ማስተላለፍ ነው። ነገር ግን ያለጊዜው ሲመጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል።

በድርቅ ጊዜ ቶሎ ባለመጠውለጉ በዓለም የታወቀው «ቢ 35» የተባለው የማሽላ ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ተመራማሪዎችም ይህን ጠባይ የሚመሩ አራት ዋና ዋና የዘረመል ስፍራዎች ለይተውበታል። ከምሥጢሩ አንዱ ቁጠባ ነው፤ ይኸውም በወጣትነቱ ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ አያበዛም፣ ቅጠሉንም አያሰፋም፤ ስለዚህ ያልጠጣው ውሃ ከአፈር ውስጥ ለፍሬው ወራት ይቆየዋል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሀብት በአንድ ክፉ ዘመን ሊጠፋ ይችላል። ሽማግሌው እንዳጫወቱን፣ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ከምድጃቸው በላይ በጭስ ተሰቅሎ የነበረውን ዘር አውርደው፣ ቆልተው ለልጆቻቸው አበሉ። በኋላ ያንኑ ዘር ያገኙት ራቅ ካለ መንደር ለምነው ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና በኋላ ዶክተር መላኩ ወረደ የመሩት የዘር ባንክ የገበሬውን ዘር የሚሰበስበው ስለ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ በሚገባ ተረዳን።

ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሡ፣ የለምለሙን አገዳ የልጅ ልጆቻቸው እንዲያኝኩት ለይተው፣ ራሱን ግን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«አገዳው የዛሬ ነው፤ ይህ ግን የከርሞ ነው» አሉ።

እኛም፣ ደመወዝ እየተቀበልን የምንኖር ሁሉ፣ የከርሞውን ከዛሬው ሳንለይ ወራቱ እንዳያልፍብን ሰጋን።