የደጃፉ ድንጋይ

አንድ የቁሓ ወጣት ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በለንደን ከተማ ይማር ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ ተማሪዎቹን ሰብስቦ በባቡር ወደ ደቡቡ ባሕር ዳር ወሰዳቸው።

ባቡሩ ከከተማው ከወጣ በኋላ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። እርሻው በቍጥቋጦ አጥር ተከፋፍሏል፤ በጎችም በለምለሙ መስክ ተሰማርተዋል። በአጠገቡ የተቀመጠው ባልንጀራው፦ «ያንተስ አገር ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀው። ወጣቱም አፍሮ፦ «የኔ አገር ድንጋይ ብቻ ነው፤ የሚታይ ነገር የለበትም» ብሎ መለሰ።

ኢስትቦርን በምትባል ከተማ ከባቡር ወርደው፥ ቢቺ ሄድ ወደሚባለው ገደል በእግራቸው ወጡ። ይህ ገደል ከባሕሩ በላይ 162 ሜትር ከፍታ አለው፤ መልኩም እንደ ወተት ነጭ ነው። የባሕሩ ማዕበል እግሩን እየበላ ስለሚንደው፥ መምህሩ ማንም ወደ ጠርዙ እንዳይጠጋ አስጠነቀቃቸው። እልፍ ብለውም በገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ አሮጌ የመብራት ግንብ አዩ። ገደሉ ወደ ግንቡ እየቀረበ ስለ መጣ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ግንቡን እንዳለ 17 ሜትር ወደ ኋላ አንቀሳቅሰውት ነበር።

ከዚያም በደረጃ ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። መምህሩ ከገደሉ የወደቀ ነጭ ድንጋይ አንሥቶ እንዲህ አለ፦ «ይህ ጠመኔ ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ሲሞቱ ቅርፊታቸው በባሕሩ ወለል እየተከማቸ ይህ ድንጋይ ተሠራ። ዕድሜውም ከ80 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል።»

ተማሪዎቹም ተደነቁ። መምህሩ ግን ወደ ቁሓው ወጣት ዘወር ብሎ፦ «በአገርህ ያለው የኖራ ድንጋይ ከዚህ ይልቅ የቈየ ነው፤ በውስጡም የባሕር ዛጎል ይገኛል» አለው።

ወጣቱም፦ «መምህር ሆይ፥ አገሬ ደጋ ነው፤ ባሕር ከወዴት መጣ?» አለ።

መምህሩም፦ «ዛሬ አገርህ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን በባሕር ተሸፍኖ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የድንጋይ ሊቅ መጥቶ ነበር። እርሱም ድንጋዩን መርምሮ በሕንጣሎ ስም ጠራው» ብሎ መለሰለት።

በዚያን ጊዜ ወጣቱ ቁሓ ያለውን የእናቱን ቤት ዐሰበ። በደጃፉ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ ምልክት ያለበት ድንጋይ ነበረ። በልጅነቱ በላዩ ተቀምጦ ቆሎ ይበላ ነበር፤ ምልክቱንም በጣቱ ይዳስስ ነበር። ይህ ምን ይሆን ብሎ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ማታ በባቡር ሲመለሱ ባልንጀራውን፦ «ጧት የነገርሁህ ልክ አልነበረም። አገሬን የነቀፍሁ ሳልመለከታት ነው» አለው። ወደ ቤቱም ገብቶ ሳይተኛ ለታናሽ እኅቱ፦ «በደጃፋችን ያለውን ድንጋይ በውሃ አጥበሽ ደኅና አድርገሽ ተመልከቺው» ብሎ ጻፈላት።

ልጆች ሆይ፥ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል ይባላል። የሌላውን አገር ማድነቅ መልካም ነው። ነገር ግን አገራችሁ ምን እንደሚመስል ሰው ሲጠይቃችሁ፥ ከመመለሳችሁ በፊት አስቀድማችሁ ተመልከቷት።