«በልቻለሁ» ስለምትባል ቃል

በአገራችን ቤት ምግብ ሲቀርብ እንግዳ በመጀመሪያው ጥያቄ እጁን ወደ መሶቡ አይዘረጋም። ጠግቦ የመጣ ቢሆን ወይም ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ቢሆን መልሱ አንድ ነው፤ «በልቼ ነው የወጣሁት» ይላል። ባለቤቲቱም ይህን ቃል እንደ ሰማችው አትቀበለውም። «በሞቴ» ትላለች፤ እንግዳው «እግዜር ይስጥልኝ፥ በቃኝ» ይላል፤ እርስዋም «አፈር ስሆን፥ አንድ ጊዜ ብቻ ቅመሱልኝ» ብላ ትጨምራለች። በሦስተኛው እንግዳው እንደ ተሸነፈ ሰው ሆኖ እጁን ይታጠባል። ከሁለቱ አንዳቸውም ዋሹ ሊባል አይቻልም፤ የተነገረው ቃል ሌላ፥ የተግባቡበት ነገር ሌላ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉና።

ይህን ሥርዓት ማን አስተማረን? ፊደልን የኔታ አስቆጠሩን፤ ዳዊትን እየደገምን ከዜማው ጥቂት ቀምሰን ለዲቁና በቃን፤ ሒሳብንና ጂኦግራፊን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት አገኘን። «ሁለት ጊዜ እምቢ፥ በሦስተኛው እሺ በሉ» ብሎ በሰሌዳ ላይ የጻፈልን መምህር ግን የለም። ያስተማረችን የእናታችን ዐይን ናት።

የስድስት ዓመት ልጅ ሳለን ከእናታችን ጋር ወደ ጎረቤት ቤት ገብተን ነበር። የቤቱ እመቤት ገና ከምጣዱ የወጣ ድፎ ዳቦ ቈርሰው ቢሰጡን ፈጥነን ተቀበልንና መብላት ጀመርን። እናታችን አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ተመለከተችን እንጂ። ዳቦው በአፋችን ውስጥ ጣዕሙ ጠፋ። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ ጆሮአችንን ያዝ አድርጋ «ቤትህ እህል የለም ወይ?» አለችን። ከዚህ የበለጠ ትምህርት አልሰጠችንም፤ አላስፈለገምም። በዚያች ጥያቄ የገባን ነገር ቢኖር ጥፋታችን በዳቦው ላይ ሳይሆን በእርስዋ ስም ላይ መሆኑ ነው። ቋንቋችን ባለጌን ልጅ «አሳዳጊ የበደለው» ብሎ ይሰድበዋል። አንባቢዎቻችን ይህን ስድብ ልብ ብለው ቢመረምሩት ጥፋቱ የልጁ፥ ፍርዱ ግን የእናቲቱ መሆኑን ያያሉ። ልጅ በሰው ቤት እምቢ ሲል የራሱን ሆድ እየበደለ የእናቱን ቤት ይጠብቃል ማለት ነው። «ይሉኝታ» የሚለው ቃል ራሱ «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ነው፤ ለልጅ ግን «ይሏታል» ቢባል ይበልጥ እውነት ይሆናል።

በቆሎ ተማሪነት ዘመናችን ያየነው ደግሞ ከዚህ ጋር የማይስማማ ይመስላል። ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግበን፥ ውሻውን በዱላ እየተከላከልን ከማናውቀው ሰው ደጅ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ምንም አናፍርም ነበር። ከበሩ ምን ያህል ርቀን እንደምንቆም፥ ድምፃችንን ምን ያህል ከፍ እንደምናደርግ፥ «ተመስገን» ሲባል ፊታችንን ሳናጠቍር ወደሚቀጥለው ደጅ እንዴት እንደምናልፍ የነገረን የለም፤ ታላላቆቻችን ሲያደርጉ አይተን አደረግን። ነገር ግን ከዚያው ቤት ለዝክር ተጠርተን ስንገባ፥ ትናንት ቁራሽ የለመነው አፋችን «በልቻለሁ» ይላል! በደጅ የለመንነው በእመቤታችን ስም ስለ ሆነ ኀፍረት የለበትም፤ በቤት ውስጥ ግን በራሳችን ስም ተቀምጠናልና የእናታችን ዐይን ከአጠገባችን አለች።

ወደ አሜሪካ የሄዱ ዘመዶቻችን ሲመለሱ ከሚያጫውቱን አንዱ ይኸው ነገር ነው። በገቡበት ሰሞን ፈረንጁ ጋባዥ «ትበላለህ?» ሲላቸው «አይ፥ ይቅርብኝ» ይላሉ፤ እርሱም አምኖ ሳህኑን ያነሣል፤ እነርሱም ጦማቸውን ያድራሉ። ይህን ስንሰማ እንስቅ ነበር። እኛው ራሳችን በገዛ አገራችን እንደዚያ ጋባዥ እንደምንሆን ግን አላሰብንም።

በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል እናስተምር ነበር። በስድስት ሰዓት ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው በየጥላው ይቀመጣሉ። ከእነርሱ መካከል ምሳ ዕቃ የማይዝ፥ ጸጥተኛ፥ ልብሱ ያረጀ ነገር ግን ታጥቦ የሚለብስ አንድ ልጅ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና አንድ ቀን «ምሳህስ?» ብንለው «እጾማለሁ፥ መምህር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አለን። ጾመኛን ደግሞ «በሞቴ ብላ» ብሎ ማስገደድ ነውር ነው። ከሥርዓታችን ሁሉ እምቢታው በመጀመሪያው ቃል የሚከበርለት ጾመኛ ብቻ ነው። ደስ አለን። ደስ ማለት ብቻ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ አስነሥተን «እንደዚህ ያለውን ወንድማችሁን ምሰሉ» ብለን አመሰገንነው። የልዩ ልዩ ሃይማኖት ልጆች በሚማሩበት የመንግሥት ክፍል ይህን መናገር እንደማይገባን እናውቅ ነበር፤ የዲያቆንነት ልባችን ቀደመን። ልጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ፤ ትሕትና መሰለን።

ሃምሳ አምስቱ ቀን አለቀ፤ ሚያዝያ 23 ቀን ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ኃምሳ ቀኖች ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ትምህርት እንደ ተከፈተ በመጀመሪያው ረቡዕ የልጆቹ ምሳ ዕቃ ሁሉ ወጥ ወጥ ይሸት ነበር። ያ ልጅ ግን ምሳ ዕቃ አልያዘም። «በላህን?» ብለን ጠየቅነው፤ «በልቻለሁ» አለን። በኮሌጅ የልጅን ቃል ማመን እንደሚገባ ተምረናልና አመንነው፤ አልፈንም ሄድን።

በትምህርት ቤቱ የጽዳት ሥራ የሚሠሩ አንዲት እናት መጥረጊያቸውን እንደ ያዙ ተከተሉን። «መምህር፥ ያ ልጅ ሳይበላ ነው የሚታጠበው» አሉን። ነገሩ አልገባንም። ወደ ቧንቧው አመለከቱን። ልጁ ምሳቸውን ከጨረሱት ልጆች ጋር ተሰልፎ እጁን በሳሙና ይታጠብ፥ አፉንም ያብስ ነበር። «ጾሙ ሳይገባም እንዲሁ ነበር» አሉ፤ «ምሳ የላቸውም። እናቱ ታማለች።»

«እኛ እኮ ጠይቀነው ነበር» አልን።

«አንድ ጊዜ ጠየቁት» አሉን። «አንድ ጊዜ መጠየቅ መጠየቅ ነው እንዴ?»

በማግስቱ ያደረጉትን በመስኮት ሆነን ተመለከትን። ግማሽ እንጀራ በሽሮ ጠቅልለው ይዘው ልጁን ጠሩት። «ረኀብህን አውቃለሁ» አላሉትም፤ «ትበላለህ ወይ?» ብለውም አልጠየቁትም። «ና ልጄ፥ ይቺን ባልዲ አቀብለኝ» አሉት፤ አቀበላቸው። ከዚያ በኋላ «ለብቻዬ መብላት አልችልም፥ አብረኸኝ ብላ» አሉት። «በልቻለሁ፥ እማማ» አለ። «በሞቴ» አሉት። «ጠግቤአለሁ» አለ። «አፈር ስሆን» አሉት። ጀርባውን ወደ ግቢው፥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠና በላ። ግማሹን አጥፎ ወደ ኪሱ ሲያስገባ እርሳቸው መጥረጊያቸውን አንሥተው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከቱ ነበር። ኋላ እንደ ሰማነው የኪሱ ለታናሽ እኅቱ ነው።

የምንጽፈው ስለዚያ ልጅ ረኀብ ብቻ አይደለም። ስለ ምስጋናችን ነው። ጌታችን ጾማችንን ከሰው ዐይን እንድንሰውር አስተምሮናል፤ ይህ ልጅ ግን ጾምን መጋረጃ አድርጎ ረኀቡን ሰወረ፤ እኛም ያንን መጋረጃ በሁሉ ፊት አነሣንና የተሰወረውን ሳናይ አጨበጨብንለት። ይቅርታ ልንጠይቀው ፈለግን። እንዴት? በክፍል ፊት ብንናገር የሸሸገውን ገለጥንበት፤ ለብቻው ብንጠራው ማወቃችንን ያውቃል፥ ከዚያ በኋላ ፊታችንን ማየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ምንም አልነገርነውም። ከጽዳት ሠራተኛዋ እናት ጋር ተስማምተን በየቀኑ የሁለት ሰው ምሳ ከቤታችን እንይዝ ጀመር፤ የሚሰጡት ግን እርሳቸው ነበሩ፤ ከእኛ እጅ አይቀበልም ነበርና። ባለቤታችን «ለማን ነው ይህ ሁሉ?» ብትለን «በዚህ ወራት በጣም ይርበናል» አልናት። ሁለተኛ አልጠየቀችንም፤ ምሳ ዕቃውን ግን በትልቁ ለወጠችው።

አንዳንድ ምሁራን ይሉኝታን የኋላ ቀርነት ምንጭ ነው ይሉታል፤ ሰው የልቡን በግልጥ ቢናገር ይሻላል ይላሉ። በከፊል እንስማማለን። ያ ልጅ «ርቦኛል» ማለት ቢችል ኖሮ ስንት የረኀብ ቀን በቀረለት! ነገር ግን ሥርዓቱ ሁለት ወገን እንዳለው እነዚህ ሰዎች ይዘነጋሉ። እምቢ እንዲል ልጁን ያስተማረችው ዐይን፥ በአንድ እምቢታ እንዳትመለስ ባለቤቲቱንም አስተምራት ነበር። ልጁ የእርሱን ድርሻ አንድ ሳያጎድል ፈጸመ። ያጎደልነው እኛ ነን፤ የተማርን ሰዎች ሆነን ጥያቄውን ወደ አንድ አሳጠርነው፥ መልሱን ግን በአሮጌው ሥርዓት ሲመልስልን አላወቅነውም።

በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ በሰፊው መቅረብ ሲጀምር እኛ በሌላ ትምህርት ቤት ነበርን። በመጀመሪያው ቀን ከምግብ አዳራሹ በር ቆመን ስናይ ልጆቹ ሳህን ሳህናቸውን ይዘው ተሰለፉ። ማንም «በላህን?» ብሎ አልጠየቀምና ማንም «በልቻለሁ» አላለም። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ተራዋ ሲደርስ ሳህኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ «እኔ በልቻለሁ» አለች። ወጥ የሚያወጡት ሴት መልስ አልሰጧትም፤ ሳህኗን ከእጇ ወስደው ሞሉና መለሱላት።