ምላስህን ማን አየልህ?

የንባብ ክፍል፦ ዘሌዋውያን 13፥1-8፤ ማርቆስ 7፥31-37



ስለ ምላስ ሲነሣ አብዛኞቻችን ወዲያው የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 ትዝ ይለናል፤ ሐሜቱ፣ ቁጣው፣ እርግማኑ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሥጋው ምላስ ነው። ጠዋት ጥርሳችንን ስንፍቅ በመስታወት የምናየው፣ ከትናንት የተለየ ሲመስለንም ልባችንን የሚያስደነግጠው ምላስ ማለቴ ነው።

በመቱና በአካባቢዋ፣ ከሁሩሙ እስከ ጎሬ፣ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ይህን ፍርሃት ይዘው ለጸሎት የመጡ ጥቂት አይደሉም። አንዱ ነጭ ነገር አይቶ «ካንሰር ነው» ብሎ በራሱ ላይ ፈርዷል። ሌላው «አብልተውኝ ነው» ብሎ ጎረቤቱን ይጠረጥራል። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ትጨምቃለች። እንጥሉን ሊያስቆርጥ የተነሣም አለ። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን አማኙ በራሱ ላይ የሚያመጣው ክስ ነው።

አንዲት እናት ስማቸውን ሳልጠራ ታሪካቸውን እንዳካፍል ፈቅደውልኛል። ከአምልኮ በኋላ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ጠጋ አሉኝና «ፓስተር፣ እግዚአብሔር ምላሴን እየቀጣው ነው» አሉ። ከዓመታት በፊት በቡና መሬት ክርክር ለዘመዳቸው ብለው በሐሰት መስክረው ነበር። አሁን ምላሳቸው ቀልቶና ልሙጥ ሆኖ በርበሬ ያለበት ወጥ መቅመስ አቅቷቸዋል። «በዚሁ ምላስ ነበር የማልኩት» አሉኝ።

እረኛ እዚህ ላይ ምን ይላል? «በሽታ ነው፣ ግድ የለም» ብሎ ኑዛዜውን ማቅለል አይገባም፤ በዚያ ምስክርነት የተጎዳ ሰው አለ። «አዎ፣ ቅጣት ነው» ማለትም አይገባም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን በድሎ እንደሆነ በጠየቁ ጊዜ (ዮሐንስ 9) ጌታ ያንን ስሌት አልተቀበለም። ስለዚህ ሁለቱን ነገር ለየናቸው። «እናቴ፣ የምስክርነቱን ነገር ከጎረቤትዎ ጋር እናስተካክለዋለን፤ አብሬዎት እሄዳለሁ። ምላስዎን ግን ሐኪም ይየው» አልኳቸው። ሁለቱም ተደረገ። ሲመረመሩ የደም ማነስ ተገኘባቸው፤ የታዘዘላቸውን የብረት እንክብል ለወራት ወሰዱ፤ ምላሳቸውም ዳነ። ከጎረቤታቸው ጋር የነበረው እርቅ ግን ከዚያ በላይ ጊዜ ወስዷል። አንዱ በሌላው አልተፈወሰም፤ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ሄደ።

በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ዘሌዋውያን 13 ቶሎ አልፈነው ልንሄድ የምንፈልገው ምዕራፍ ነበር። ዛሬ ግን ለእረኝነት ሥራዬ ብዙ ጊዜ የምመለስበት ክፍል ሆኗል። ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በቆዳው ላይ ለውጥ የታየበት ሰው በራሱ ላይ አይፈርድም፤ ወደ ካህኑ ይቀርባል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ግልጽ ካልሆነ ካህኑ በመጀመሪያው ቀን አይፈርድም። ሰባት ቀን ይጠብቃል፣ ያያል፤ ሌላ ሰባት ቀን ይጠብቃል፣ ደግሞ ያያል። ሦስተኛ፣ ለውጡ ካልሰፋና ከደበዘዘ ሰውየው ንጹሕ ነው ይባላል፤ ልብሱን አጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ሕግ የሕክምና መጽሐፍ አይደለም፤ ነገር ግን የዓይንን ሥርዓት ያስተምረናል። መስታወት ይህ ሥርዓት የለውም። በቀን አሥር ጊዜ ያሳየናል፤ አንድ ጊዜም «ንጹሕ ነህ፣ ሂድ» አይለንም።

የእኔንም ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ምላሴ ላይ ዳር ዳሩ ነጭ የሆነ ቀይ ቦታ አየሁ። በአራተኛው ቀን ቦታውን ለቆ ወደ ሌላ ጎን ዞሮ ነበር። መጀመሪያ ባለቤቴ አየችው፣ ቀጥሎም ሐኪም። ሐኪሙ የመሬት ካርታ ስለሚመስል «ጂኦግራፊክ ታንግ» እንደሚባል፣ ጉዳት እንደሌለው፣ ወደ ሌላ ሰውም እንደማይተላለፍ ነገረኝ። ብዙዎች ምላሳቸውን አውጥተው ከኋላ በኩል ተሰልፈው የሚያዩአቸው ጉብታዎችም በሽታ አይደሉም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረውን ያሉ የምላስ ክፍሎች ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለ። ቡናና ሻይ ማዘውተር፣ ማጨስ፣ አፍን በደንብ አለማጽዳት ምላስን ያጠቁራሉ። አንቲባዮቲክ ከወሰድን በኋላ፣ ወይም ስኳር በሽታ ሲኖር፣ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ነጭ የአፍ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል። የብረት ወይም የቢ12 ቫይታሚን እጥረት ምላስን ያቀላል፣ ያቃጥላል። ጭንቀት ራሱ አፍን ያደርቃል።

ችላ የማይባልም አለ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ ጠንካራ እብጠት፣ ተፍቆ የማይነሣ ነጭ ወይም ቀይ ቦታ፣ ያለ ምክንያት የሚደማ ምላስ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ በአንገት ላይ የሚወጣ እብጠት ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ በተለይ ትምባሆና መጠጥ ላዘወተረ ሰው። ምላስ በድንገት አብጦ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወይም አፍ ተጣሞ ንግግር ከተኮላተፈ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። በምላጭ እንጥል ማስቆረጥ ግን ደም መፍሰስንና ልክፈትን እንጂ ፈውስን አያመጣም።

«ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይሆንም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ማርቆስ 1ን አንብቡ። ጌታ ለምጻሙን በቃሉ አነጻው፤ ከዚያም ሄዶ ለካህኑ እንዲታይ አዘዘው። ጌታ የፈወሰው እንኳ ከታየ እኛስ? ስለዚህ በጉባኤያችን ፈውስ የሚመሰክር ሰው ቢመረመር ምስክርነቱ ይጸናል እንጂ አይረክስም። የመቱ ካርል ሆስፒታል ስሙን ያገኘው በ1981 እ.ኤ.አ. የሰዎች ለሰዎች ድርጅትን ከመሠረተው ከካርል ሄንዝ ቦም ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ስለዚህ ሕዝብ ከተጨነቀ፣ በሩ አጠገብ ያለን እኛ ለመግባት ምን ያሳፍረናል?

በማርቆስ 7 ጌታ መናገር የሚቸግረውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ምላሱንም በእጁ ዳሰሰው። የታመመ ምላስ አላስጸየፈውም። በሕዝብ ፊትም አላጋለጠውም። ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ትሁን፦ ፍርሃቱን ለብቻ የምትሰማ፣ ሳትፈርድ የምታይ፣ ጸልያም እስከ ጤና ጣቢያው በር የምታደርስ።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ለወራት በመስታወት ፊት ብቻችሁን የቆማችሁ፣ በዚህ ሳምንት ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ ታዩም።

ጌታ ሆይ፣ ምላሳችንን የሠራህ አንተ ነህና በእጅህ ዳስሰን። ከፍርሃት አውጣን፤ ለሐኪሞቻችን የሚያስተውል ዓይን ስጥ። በደላችንንም እንድናስተካክል አበርታን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።